የማይል እቁብ

እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። ሚዛን ተፈሪ ገበያ ውስጥ ልብስና ጫማ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፤ ሱቁ ውስጥ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ባለቤቴ ነው። እኔ ወይ ዱባይ ነኝ፣ ወይ ቻይና ጓንዡ ነኝ፣ ካልሆነም ጅማ መንገድ ላይ ጭቃ የያዘው ሚኒባስ እየገፋሁ ነኝ። ሚሊኒየሙ አልፎ ሞባይል በሰው ሁሉ እጅ በገባበት ሰሞን፣ ከሚዛን ተነስቶ ዕቃ ለማምጣት ባሕር የሚሻገር ነጋዴ ጥቂት ነበር። ከጥቂቶቹ አንዷ እኔ ነበርኩ።

የአየር መንገዱን የማይል ካርድ ያወጣችልኝ አዲስ አበባ ያለች የትኬት ቢሮ ሠራተኛ ናት። "በበረርሽ ቁጥር ማይል ይጠራቀምልሻል፤ ሲበቃ ነፃ ትኬት ትወስጂበታለሽ" አለችኝ። ነፃ! ለነጋዴ እንዲህ ዓይነት ቃል ይነገራል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። መንገዱ ሲረዝም ማይሉ እንደሚበዛ ስሰማ፣ ጓንዡ የሚያደርሰኝን ቀጥታ በረራ ትቼ በሌላ አገር ዞሮ የሚሄደውን መምረጥ ጀመርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመላለስ የኖርኩ ሴት፣ በአውሮፕላን ካልሆነ አልሄድም አልኩ። ርካሹ ትኬት የማይሉን ግማሽ ብቻ እንደሚያስገባ ያወቅሁ ቀን ደግሞ ከትኬት ቢሮዋ ልጅ ጋር ተጣላን።

"ለምን ግማሽ? ግማሽ መንገድ ላይ አወረዳችሁኝ እንዴ? እኔ የሄድኩት ሙሉውን ነው!" አልኳት።

"ሕጉ ነው እህቴ" አለችኝ።

ባለቤቴ ሻንጣዬን ተቀብሎ ሲከፍት ዕቃው ያንስበታል። "አንቺ ሴትዮ፣ የሄድሽው ዕቃ ልታመጪ ነው ወይስ ማይል? በይ ማይሉን ባንኮኒው ላይ ደርድሪልኝና ልሽጠው" ይለኛል። እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይናደዳል። እሱ የሚያየው ሻንጣውን ነው፤ እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚሮጥ ቁጥር አለ። ሶላት ላይ እንኳ ቆሜ ይሮጣል፣ አላህ ይማረኝና።

ነገሩ ከጨዋታ ያለፈው በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ ሚዛን ላይ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። አንድ ዓመት ዓይኑ ደከመ። ብርጭቆ ሲያነሳ ከጎኑ ያለውን አየር ይጨብጥ ጀመር። ጅማ ወስጄ ያሳየሁት ሐኪም፣ የሄደው እንደማይመለስና የቀረውም ቀስ እያለ እንደሚሄድ ነገረን። አባቴ አላለቀሰም፣ አልተማረረም። ሚኒባሱ ውስጥ ጎኔ ተቀምጦ፣ "ሳይጠፋብኝ ካዕባን ባይ ጥሩ ነበር" ብቻ አለ። ከዚያ ወሬ ቀየረ። እኔ ግን ቦንጋ እስክንደርስ ያለኝን ማይል ስደምር ነበር።

መካ ለዑምራ ላደርሰው ወሰንኩ። ብቻውን መሄድ አይችልም፤ ደረጃ የማያይ ሽማግሌ ያን ሁሉ ሕዝብ መሐል እንዴት ብቻውን ይገባል? ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ትኬት ነው፣ የእሱና እጁን የምይዘው የእኔ። ቪዛውንና ማረፊያውን ወንድሞቼ እንችላለን አሉ፤ ትኬቱ የኔ ድርሻ ሆነ። ሁለቱን ትኬት ልግዛ ብል ሱቁ ባዶ ይቀራል። ማይል ግን አለኝ። ለአንድ ሰው ሊደርስ ትንሽ የቀረው ማይል አለኝ፤ ጣጣው የመጀመሪያዎቹ በረራዎቼ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው የቀረው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት የሞላው ማይል ይቃጠላል። ይኼም ሕግ ነው።

ለአባቴ ሳስረዳው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። "ይኼ ማይል የሚሉት ነገር ወለድ አለበት?"

"ኧረ አባ! ስጦታ ነው። ደንበኛቸው ስለሆንኩ የሚሰጡኝ።"

"እንግዲያስ መልካም" አለ።

መፍትሔውን ያመጣው የእቁባችን ዳኛ ነው። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ በየጊዜው ዱባይ የሚወርድ፣ ጾም የማይሽር ኦርቶዶክስ፣ ድምፁ ከሱቁ የሚሰፋ ሰው። ብዙ ዓመት በብር እቁብ ዳኝቶናል፤ አንድም ሰው አልካደም። አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ስንጎራደድ አየኝና ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እጁን አጨበጨበ።

"እቁብ በብር ብቻ ነው ያለው ማነው?" አለ። "ባሕር የምንሻገር አራት ሰዎች ነን። አራታችንም ካርድ አለን። የኔ ማይል ብቻውን ምንም አይረባኝም፤ ሁላችንም በአንድ ሰው ካርድ ላይ ብንጥልስ? ስንበር የባለተራውን ቁጥር እንሰጣለን። ዓመት ሲሞላ ተራው ወደ ሌላው ይዞራል።"

በለው! እንዴት እስከዛሬ አልታየንም አልን። አራቱ እሱ፣ እኔ፣ ከጎኔ የሕፃናት ልብስ የምትሸጥ የቤንች ተወላጅ ጓደኛዬ፣ እና ቴፒ ላይ ሞባይል የሚነግድ ጎረምሳ ነን። ጎረምሳው ከሁላችን በላይ ይበራል፤ ወር አልፎ ወር ሲተካ ዱባይ ነው። ዳኛው እንደ ልማዳችን፣ ችግር ላለበት ሰው ዕጣ ሳይወጣ ይሰጣልና የመጀመሪያው ተራ ለአባቴ እንዲሆን ጠየቀ። ጓደኛዬ "ጌታ ይባርክሽ፣ ውሰጂው፤ እኔ እንደሆነ በዓመት ሁለቴ ነው የምሄደው፣ የኔ ማይል እዚህ ሸኮም አያደርስሽ" ብላ አሳቀችን። ጎረምሳው ስልኩን ነካካ። "ይሁን። ከሷ ቀጥሎ ግን እኔ ነኝ" አለ። ተስማማን። ያስያዝነው ነገር የለም፤ እቁብ ቃል ነው።

ያን ዓመት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ጎረምሳው ቦሌ ደርሶ ይደውልልኛል፤ "ቁጥርሽን ሰጥቻለሁ፣ የመግቢያዋ ልጅም ኮምፒውተሩ ላይ መታችው" ይለኛል። ዳኛው ይደውላል። እኔ ሱቅ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ እደምራለሁ። ያን ጊዜ ሚዛን ላይ ኢንተርኔት ማለት አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡና የሚለቀምበት ነገር ነው፤ ማን ገብቶ ያጣራል? ቁጥሩ ትክክል ነው፣ በረራው በረራ ነው፣ ሌላ ምን ይጠፋዋል አልን። የብር እቁብ ላይ ሣጥኑ የማን ብር እንደሆነ አይጠይቅም። እኛም ካርዱን እንደ ሣጥን ቆጠርነው።

ማይሌ ሊቃጠል ወራት ሲቀሩት አባቴን ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁ፤ የፓስፖርት ጉዳይም ነበረው። አየር መንገዱ ቢሮ ገብተን፣ እሱን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ካርዴን እንደ ባለፀጋ መስኮቱ ላይ አኖርኩት። "ሁለት ሰው፣ ጅዳ፣ ደርሶ መልስ" አልኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች።

"ያለዎት ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው።"

"እንደገና እዪልኝ እስቲ።"

"አየሁት እኮ። እርስዎ የበረሩት ይኼ ነው።"

"እኔ የበረርኩትን ማን ጠየቀሽ? ሌሎቹስ? አራት ሰዎች ናቸው እዚህ ካርድ ላይ ሲበሩ የከረሙት!"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳውም፤ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ማይል የሚገባው ለበረረው ሰው ብቻ ነው አለች። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከካርዱ ባለቤት ስም ጋር ካልገጠመ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጥለዋል። "እንዴት ይጥለዋል! ወንበሩ ባዶ ነበር? ሰዎቹ ከፍለው፣ ተቀምጠው፣ ምሳ በልተው ነው የሄዱት! እነሱ ለኔ ይሁን ካሉ እናንተን ምን አገባችሁ?" እጮሃለሁ፤ ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። እቁብ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። "እህቴ፣ እቁብን እኔም አውቀዋለሁ፤ እናቴም እቁብተኛ ናት። እዚህ ግን የለም" አለችኝ።

አለቃዋ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ። ስድስት ወር ያልሞላቸው በረራዎች የበረሩት ሰዎች ራሳቸው ቢያመለክቱ በየራሳቸው ካርድ ሊገቡላቸው ይችላሉ አለ። ስድስት ወር ያለፈው ግን ጠፋ። ከተለያየ ካርድ ማይል ቆንጥሮ አንድ ትኬት መሥራትም አይቻልም፤ አንድ ትኬት ከአንድ ካርድ ነው። ባለካርዱ ከፈለገ ግን ለሌላ ሰው ትኬት ማስቆረጥ ይችላል። ቆሜ አሰላሁት። የዳኛው ብቻውን አይበቃም። የጓደኛዬ ጭራሽ አይበቃም። የሚበቃው የአንድ ሰው ነው፤ የቴፒው ጎረምሳ።

አባቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉንም ሰምቷል። ስንወጣ ክንዴን ይዞ፣ "ስለዚህ ሰዎቹ በኔ ምክንያት የራሳቸው የሆነውን አጡ ማለት ነው?" አለኝ። "አባ፣ አሁን እሱ አይደለም ጉዳያችን" አልኩት። ለእሱ ግን ጉዳዩ እሱ ነበር፤ እኔ ነኝ ቆይቶ የገባኝ።

ሚዛን እንደተመለስኩ ዳኛው ሱቅ ውስጥ ተሰበሰብን። ጎረምሳው ከቴፒ መጣ። የጠፋውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ የቀረው በካርዱ ሊገባለት እንደሚችል ሲሰማ ደግሞ በራ። ዳኛው ነገሩን በሁለት ቃል ጨረሰው። "ታስገባለህ፣ ከዚያ ለእህትህ ትኬት ታስቆርጣለህ። ተራው የሷ ነው።"

"የምን ተራ?" አለ ጎረምሳው። "እቁቡ ያለው ሕጉ ከሠራ ነው። ሕጉ አልሠራም፤ እቁቡም የለም። በስሜ የገባ የኔ ነው።"

"ቃል ሰጥተሃል!"

"በሷ ካርድ ላይ ልጥል ነው ቃል የሰጠሁት። ጣልኩ! ሄዶ ጠፋ! አሁን ደግሞ ሁለተኛ ጣል ትሉኛላችሁ?"

እውነት ለመናገር አነጋገሩ ውስጥ እውነት ነበረው፤ ለዚያ ነው ይበልጥ የበገንኩት። "አንተ ስግብግብ!" አልኩት። "አንቺ ነሽ ማይል ማይል እያልሽ ያሳበድሽን!" አለኝ። ዳኛው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ብሎን የሞላ ቆርቆሮ ተገለበጠ፤ ብሎን እየለቀምን ተሰዳደብን። ጎረምሳው በሩን ወርውሮት ወጣ። ያን ሳምንት ገበያው ሁሉ የሚያወራው ይኼንኑ ነበር፤ ግማሹ ከሱ ጋር፣ ግማሹ ከኔ ጋር። አውሮፕላን ደጅ ደርሶ የማያውቀው ሁሉ ስለ ማይል ሕግ ፈራጅ ሆነ።

ወሬው አባቴ ጆሮ ገባ። አስጠራኝ። "ዑምራ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ አፉ በሉኝ ይላል" አለ። አፉ በሉኝ ማለት እኛ ዘንድ፣ በላዬ ያለውን የናንተን ሐቅ ይቅር በሉኝ ማለት ነው፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ እዚያ ቤት አይገባም። "በይ ምሪኝ። ከዳኛው እንጀምር።"

ምን ላድርግ? ይዤው ወጣሁ። በትሩን እያንኳኳ ዳኛው ሱቅ ገባ። "ልጄ፣ በኔ ምክንያት ስትበር ከርመህ ጠፍቶብሃል። አፉ በለኝ" አለው። ያ ድምፀ ትልቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኧረ አባባ፣ ምን አጥፍተው? ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እኔ ነኝ ሐሳቡን ያመጣሁት" እያለ ተነስቶ ትከሻውን ሳመው። ጓደኛዬ ጋ ስንሄድ ከመናገሩ አቀፈችው፤ አለቀሰችም። ከዚያ አባቴ "ቴፒ" አለ። "አባ፣ እሱ ሰደበኝ እኮ፤ አልሄድም!" አልኩት። "እኔ የምሄደው አንቺን ላስታርቅ አይደለም" አለኝ።

ዝናብ ነበር። ሸኮ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ወርደን በእግር አለፍነው፤ አባቴ እግሩን የሚያሳርፍበትን ስለማያይ እያንዳንዱን እርምጃ እኔ ነበርኩ የምነግረው። ውስጤ ግን አንድ ተስፋ ነበር፤ አልክደውም። ጎረምሳው ሽማግሌውን ሲያይ ያፍራል፣ ትኬቱን ይሰጣል እያልኩ ነበር።

ጎረምሳው ሲያየን ከባንኮኒው ጀርባ ቆመ። "ሽማግሌ ይዘሽ መጣሽ?" አለኝ በዓይኑ። አባቴ ሰላምታውን ከጨረሰ በኋላ ለሌሎቹ ያለውን ያንኑ አለው፤ በኔ ምክንያት ጠፍቶብሃልና አፉ በለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

"ትኬቱን ሊጠይቁኝ አይደለም የመጡት?" አለ ጎረምሳው።

"አይደለም። እሱ ያንተ ነው። ያንን ብጠይቅህ ሌላ ሐቅ ይጨመርብኛል።"

ጎረምሳው ስልኮቹን ከመስታወቱ ውስጥ አወጣ፣ መልሶ ደረደረ፣ እንደገና አወጣ። "አፉ ብያለሁ" አለ በመጨረሻ፣ ሳያየን። ውኃ አጠጣን፤ አመስግነን ወጣን። ትኬት የሚል ቃል አልተነሳም። በመንገድ ሁሉ ተቃጠልኩ። "አባ፣ ብትጠይቀው እኮ ይሰጥህ ነበር!" አልኩት። "ለዚያ ነው ያልጠየቅሁት" አለኝና እንቅልፍ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ እሳት ነበሩ። የአባቴን ትኬት በኔ ማይል ላስቆርጥና ብቻውን ልስደደው? ማይሉን ላቃጥለውና የመጣው ይምጣ ልበል? ሱቁን ልሽጥ? ስሄድ ስመለስ ባለቤቴ "እባክሽ አንድ ቦታ ቁሚ፣ ዓይኔ ዞረ" ይለኛል። አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ጎረምሳው ነው። ሰላም እንኳ አላለኝም። "ስምሽን ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ላኪልኝ" አለ። "ያን ሰውዬ ባታመጪብኝ ምን ነበረበት? ቢለምነኝ እምቢ ብዬው እገላገል ነበር። አሁን ሱቄ ውስጥ ቆሞ ይታየኛል።" ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እኔ እዚያው ገበያ መሐል እልል አልኩ፤ ሰው ሁሉ ያበድኩ መሰለው።

የምንሄድበት ጠዋት መጣ። ጅማ የሚያደርሰን መኪና ደጃችን ቆሞ ሞተሩን አላጠፋም። ሻንጣ ጫንኩ፣ ውኃ ያዝኩ፣ ፓስፖርት ደጋግሜ አየሁ፤ ዳኛው፣ ጓደኛዬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘን ቆሟል። አባቴ ግን ከደጁ አግዳሚ ወንበር አልተነሳም።

"አባ፣ ተነስ፤ አውሮፕላኑ ያመልጠናል።"

"አንድ ሰው ቀርቶኛል" አለኝ። "አንቺ።"

"እኔ ጋ ደግሞ ምን ቀረህ? መኪናው—"

"መኪናው ይቁም። አንቺን ከትምህርት ቤት ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ። አፉ በይኝ።"

መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ሱቃችን ተዘርፎ ነበር። አባቴ ከዘጠነኛ ክፍል አስወጥቶ ባንኮኒ ጀርባ አቆመኝ፤ ወንድሞቼ ቀጠሉ። በትምህርት ከወንዶቹ እበልጥ ነበር፤ አስተማሪው ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥቶ ለምኖታል። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር በቤታችን ተወርቶ አያውቅም። እኔም ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር የምኖረው። "አፉ ብያለሁ" ማለት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው፤ ሰው ለማያውቀው ሁሉ ይላል። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። የመኪናው ጡሩምባ ሁለቴ ጮኸ። ያለኔ ቃል እንደማይነሳ አውቃለሁ፤ ያን ሁሉ መንገድ የሮጥኩለት ሰው በኔው አፍ ሊቀር ነው።

ወንበሩ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

"በጣም ተናድጄብህ ነበር" አልኩት። "አሁንም ተናድጄብሃለሁ፣ አባ። አስተማሪው የመጣ ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። ሴት ናት አልክ።"

"አዎ፣ ብያለሁ" አለ። ዓይኑ የት እንዳለሁ ፈልጎ ፊቴን አጣው፤ እጄን አገኘ።

ሁለታችንም አለቀስን። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወዲያ ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት አላየሁም።

"አፉ ብዬሃለሁ" አልኩት።

አባቴ ተነሳና እጁን ሰጠኝ። "እንግዲህ ምሪኝ" አለ።